ስፖር ዘርቼ ልብ መሳይ አረንጓዴ ነገር ብቻ በቀለ፤ ፈርኑ የት ቀረ?

ጥያቄ፦ «ከፈርን ቅጠል ጀርባ ያለውን ቡናማ ዱቄት አራግፌ፣ እርጥብ አፈር በሞላው ሳህን ላይ ዘርቼ በላስቲክ ሸፈንኩት። በሁለተኛው ወር አረንጓዴ ነገር አፈሩን ማልበስ ጀመረ። አሁን አራት ወር ሆኖታል፤ የትንሽ ጣት ጥፍር የሚያህሉ ስስ ቅጠል መሳይ ነገሮች ሞልተውታል፤ ፈርን የሚመስል ግን አንድም አልወጣም። ውሃ የማጠጣው ከሥር ነው። ማዳበሪያ ብጨምርም ለውጥ የለም። የበቀለው ሞስ ይሆን? ልጣለው?»

ምላሽ፦ አይጣሉት። እንደ ገለጻዎ ከሆነ የበቀለው ሞስ ሳይሆን ፕሮታለስ የሚባለው የፈርኑ ሌላኛው ትውልድ ነው። እስካሁን ያለውን በደንብ ሠርተዋል። የጎደለው ማዳበሪያ ሳይሆን ከላይ የሚያርፍ ውሃ ነው፤ የወንዴው ሴል ወደ እንቁላሉ የሚደርሰው ዋኝቶ ነውና። ከሥር ብቻ ማጠጣት ስፖሩን (የዘሩትን ቡናማ ዱቄት) ለማብቀል ጥሩ ዘዴ ነው፤ ለጽንሰት ግን ብዙ ጊዜ አይበቃም።

ውሃ ከማርከፍከፍዎ በፊት ሳህኑ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ያረጋግጡ። አንዱን በወረንጦ ቀስ ብለው ያንሡና ገልብጠው በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር ይዩት። ፕሮታለስ የልብ ቅርጽ አለው፤ ስፋቱ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱ ክንፎቹ የአንድ ሴል ውፍረት ብቻ ስላላቸው ብርሃን ያሳልፋሉ፤ መሀሉ ላይ ግን ወፈርና ጠቆር ያለ ትራስ አለው። በሆዱ በኩል፣ ከልቡ ሹል ጫፍ ወገን፣ ራይዞይድ የሚባሉ ቡናማ ፀጉር መሳይ ክሮች ወደ አፈሩ ይወርዳሉ። ሞስ እንዲህ አይደለም፤ መጀመሪያ ቅርንጫፍ እያወጣ የሚዘረጋ አረንጓዴ ክር ይሆናል፣ ከዚያ ዙሪያዋን ደቃቅ ቅጠል የተደረደረባት ግንድ ያቆማል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሊቨርዎርት በሚባለው ሌላ ተክል ነው። እሱም ጠፍጣፋ ነው፤ ግን ወፈር ይላል፣ ጫፉ ሁለት ሁለት እየተከፈለ እንደ ጥብጣብ ይሳባል፤ ማርካንሺያ የሚባለው ዓይነቱ ከሆነ ደግሞ ላዩ ላይ ነጠብጣብ ቀዳዳዎችና ደቃቅ ጽዋዎች ይታያሉ። አልጌ ሲነኩት የሚያሟልጭ፣ ቅርጽ የሌለው ነገር ስለሆነ አያሳስትም።

የዘሩት ዱቄት ዘር አይደለም፤ ነገሩ ሁሉ የሚጠመዘዘው እዚህ ላይ ነው። ዘር ጽንስ በውስጡ ይዞ፣ ስንቁን ቋጥሮ የሚወጣ ነው፤ የወንዴና የሴቴ ጉዳይ እናት ተክሉ ላይ አልቆለታል። ስፖር ግን አንዲት ሴል ናት። ከቅጠሉ ጀርባ የሚያዩዋቸው ቡናማ ነጠብጣቦች ሶረስ ይባላሉ፤ እያንዳንዱ ሶረስ የስፖር ከረጢቶች ክምር ነው። በአብዛኞቹ ፈርኖች አንድ ከረጢት ውስጥ 16 እናት ሴሎች ይኖራሉ፤ እነሱ በሚዮሲስ ተከፍለው 64 ስፖር ይሰጣሉ። በሚዮሲስ ጊዜ የክሮሞዞሙ (በሴል ውስጥ ጂን የሚሸከመው ክር) ቁጥር በግማሽ ይቀንሳል። ለምሳሌ አዲያንተም ካፒለስ ቬነሪስ የሚባለው ፈርን ቅጠሉ ውስጥ 60 ክሮሞዞም አለው፤ ስፖሩ ውስጥ 30። ከዚያ ስፖር የሚበቅለው ፕሮታለስም በየሴሉ 30 ይዞ ይኖራል። የወንዴውና የሴቴው ሴል የሚፈጠሩት እሱ ላይ ነው፤ ሲገናኙ 60 ይሞላል፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ቅጠላም ፈርን ከዚያ ይነሣል። ፕሮታለስ ቢያድግ ቢያድግ ፈርን አይሆንም፤ ፈርን ይወልዳል እንጂ።

ይህን ለመረዳት ለባለሙያዎቹም ጊዜ ወስዶባቸዋል። ካርል ኔጌሊ የወንዴውን አካል ፕሮታለስ ላይ ያየው በ1844 ነው፤ ሚካው ሌሽቺትስ ሱሚንስኪ የሴቴውን አካል በ1848 ገለጸ፤ ዊልሄልም ሆፍማይስተር ደግሞ በ1851 ሞስን፣ ፈርንንና ኮኒፈርን (እንደ ጥድ ያሉ ዛፎችን) ጎን ለጎን አስቀምጦ ሁሉም በሁለት ትውልድ መፈራረቅ እንደሚኖሩ አሳየ። በሞስ ለዓይን የሚታየው ግማሽ ክሮሞዞም ያለው ትውልድ ነው፤ አበባ ባላቸው ተክሎች ያው ትውልድ በአበባ ብናኝና በእንቁላል ከረጢት ውስጥ ተደብቆ በጥቂት ሴሎች ብቻ ቀርቷል። በፈርን ሁለቱም ትውልዶች ነጻ ሆነው ለየብቻ ይኖራሉ። እርስዎን ግራ ያጋባዎትም ይኸው ነው።

ማዳበሪያው ለውጥ ያላመጣው ለምንድን ነው? ፕሮታለስ ውሃ የሚያወጣ ዛይለምም ሆነ ምግብ የሚያመላልስ ፍሎየም የለውም። ራይዞይዱ መያዣና ውሃ መምጠጫ ክር ነው እንጂ ሥር አይደለም፤ ውሃው ከሴል ወደ ሴል እየሰረገ ይሄዳል። እንዲህ ያለ አካል ከመሬት ቀና ሊል አይችልም፤ ስስ ሆኖ ከአፈሩ ጋር እንደተለጠፈ ይኖራል። ጥፍር ካከለ በኋላ ማደጉን ቢያቆም መጠኑ ስለሆነ ነው፣ ስለተራበ አይደለም። ይልቁንም የማዳበሪያው ጨው ሲበዛ ከስሱ ክንፍ ውስጥ ውሃ ይስባል፤ መጀመሪያ ጠርዙ ቡናማ ይሆናል፣ ከዚያ መሀሉ ይከተላል። ጠርዙ ቡናማ ሆኖ ካዩ የሳህኑን ቀዳዳ ከፍተው አፍልተው ያቀዘቀዙትን ውሃ በጎን በኩል ቀስ ብለው ሁለት ሦስት ጊዜ አሳልፈው ያፍስሱ። ከዚያ በኋላ ቅጠል እስኪወጣ ድረስ ማዳበሪያ ባይነኩ ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው። የገለበጡትን ፕሮታለስ እንደገና ይዩት፤ ከተቻለ በአንድ ጠብታ ውሃ ውስጥ አድርገው በማይክሮስኮፕ በ100 እጥፍ። በራይዞይዶቹ መካከል ጉልላት የሚመስሉ ክብ ክብ አረፋዎች አሉ፤ አንቴሪዲየም ይባላሉ፣ የወንዴ ሴሎች የሚሠሩባቸው ናቸው። ልቡ ገባ ካለበት ቦታ አጠገብ፣ ትራሱ ላይ ደግሞ ወደ ኋላ ያዘነበሉ አጫጭር የጭስ ማውጫዎች የሚመስሉ አንገቶች ይታያሉ፤ እነዚህ አርኪጎኒየም ናቸው፣ በየሥራቸው አንዳንድ እንቁላል ተቀምጧል። በብዙ ዝርያዎች ወንዴው ይቀድማል፣ ሴቴው ይከተላል። የደረሰ አንቴሪዲየም ውሃ ሲነካው ያብጥና ክዳኑ ይከፈታል፤ የተጠቀለሉ፣ ብዙ ጅራፍ ያላቸው የወንዴ ሴሎች እየተሽከረከሩ ይወጣሉ። የአርኪጎኒየሙም አንገት በውሃ ይከፈትና ውስጡ የነበረው ሙጫ መሳይ ነገር ይፈሳል። ዊልሄልም ፕፌፈር በ1884 እንዳሳየው የፈርን ወንዴ ሴል ማሊክ አሲድ ወዳለበት ይሳባል። በመንገዱ ላይ ደረቅ ክፍተት ካለ ግን ሴሉ ይቆማል፤ ጅራፉ የሚሠራው በውሃ ውስጥ ብቻ ነው።

ከሥር ሲያጠጡ አፈሩ እርጥብ ይሆናል፤ በፕሮታለሱ ሆድና በአፈሩ መካከል ግን እርጥብ አየር እንጂ የተያያዘ ውሃ ላይኖር ይችላል። የላስቲኩ ሽፋን ጠብታ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ጠብታው ራሱ ሥራውን ይሠራል፤ ከሥር ብቻ የሚያጠጡ ሰዎች አንዳንዴ የሚሳካላቸው በዚህ ምክንያት ነው። ሽፋኑ ሰፊና ከፍ ያለ ከሆነ፣ ወይም የሳህኑ ቦታ ሙቀቱ የማይለዋወጥ ከሆነ፣ ጠብታ አይወርድም።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። ውሃ አፍልተው እስከ ክፍሉ ሙቀት ድረስ ያቀዝቅዙ፤ ማፍላቱ የአልጌና የሞስ ስፖር ይዞ እንዳይገባ ነው። ጉም በሚያወጣ ደቃቅ መርጫ፣ ከ30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት፣ ላዩ ሁሉ እስኪያብለጨልጭና ውሃው ከልቦቹ ሥር እስኪገባ ያርከፍክፉ። በወፍራም ጠብታ ወይም በግፊት አይርጩ፤ ፕሮታለሱ ከተገለበጠ ራይዞይዱ ከአፈር ይለያል። ሽፋኑን መልሰው ለአንድ ሰዓት ይተዉትና የተረፈውን ውሃ ሳህኑን አዘንብለው ያፍስሱ። በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ፣ ለ4 ሳምንት ያህል ይቀጥሉ። መርጫ ከሌለ ውሃውን በጠርዝ በኩል ቀስ አድርገው ከአፈሩ ላይ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ከፍ እስኪል ያፍስሱ፣ ግማሽ ሰዓት ቆይተው ያውጡት። አንዴ ብቻ ማርከፍከፍ የማይበቃው ሁሉም አንገቶች በአንድ ቀን ስለማይደርሱ ነው።

ሁለተኛው ጣጣ መጣበብ ነው። በአንዳንድ ፈርኖች ቀድሞ የደረሰው ፕሮታለስ አንቴሪዲዮጅን የሚባል፣ ጂበረሊን ከሚባለው የዕፅዋት ሆርሞን ጋር ዝምድና ያለው ንጥረ ነገር ወደ አፈሩ ይለቃል፤ በአቅራቢያው ያሉት ትንንሾች በዚያ ምክንያት ወንዴ ብቻ ሆነው ይቀራሉ። ዎልተር ዶፕ ይህን በ1950 ነው የገለጸው። ወንዴ ብቻ የሆኑት ትንሽ ናቸው፣ መሀላቸው ገባ አይልም፣ ምላስ ይመስላሉ ወይም ቅርጽ የላቸውም፤ ተጨናንቀው ቆመው ይታያሉ። የእርስዎ ጥፍር ስላከሉ አብዛኞቹ ከዚህ ያመለጡ ይመስላል። ሆኖም ሳህኑ ላይ እንደ ምንጣፍ የተነባበሩ ቦታዎች ካሉ፣ በሹል ቢላ 1 ሴንቲ ሜትር በ1 ሴንቲ ሜትር እየቆረጡ ከነአፈሩ ያንሡ፤ የፈላ ውሃ ፈስሶበት በቀዘቀዘ አዲስ አፈር ላይ በ2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ርቀት ጫን አድርገው ያስቀምጧቸው። ከ3 እስከ 5 ሳምንት ውስጥ ጠርዝ ላይ ያሉት ሰፋ ብለው የልብ ቅርጽ ይይዛሉ፤ ማርከፍከፉን ያን ጊዜ ይጀምሩ። ነጠላ ነጠላ አድርገው ግን አይለያዩዋቸው።

ለምን ቢሉ፣ ፕሮታለሱ የተሠራው ከአንዲት ስፖር ስለሆነ ወንዴውም ሴቴውም ሴሉ በጂን ፍጹም አንድ ናቸው። የራሱ ወንዴ የራሱን እንቁላል ካገኘ እያንዳንዱ ጂን ከራሱ ቅጂ ጋር ይጣመራል፤ ተደብቆ የነበረ ገዳይ ጂን ካለ ያን ጊዜ ይወጣና ጽንሱ በጅምሩ ይሞታል። ይህን የሚችሉ ዝርያዎች አሉ፣ የማይችሉም አሉ። ጎረቤት ካለ ግን የመዳቀል ዕድል ይኖራል። እንደገና ሲዘሩ ከአንድ ዝርያ ሁለት ወይም ሦስት ተክል ላይ የተወሰደ ስፖር ቢቀላቅሉ ይበልጥ ይሻላል።

ጽንሰት ከተሳካ ከ2 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ከልቡ መግቢያ ሥር አንዲት ነገር ብቅ ትላለች። የእናቷን ቅጠል አይጠብቁ። የመጀመሪያዋ ቅጠል ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የምትሆን፣ ማንኪያ ወይም ማራገቢያ የምትመስል፣ አንዳንዴም ጫፏ ለሁለት የተከፈለ ናት፤ ብዙ ሰው የሻገተ ወይም የተበላሸ ፕሮታለስ መስሎት ይነቅላታል። መለያው ቀላል ነው፤ በብርሃን ፊት ያዙና ይዩ። ከታች ገብቶ ለሁለት የሚሰነጠቅ ጅማት ካለ ፈርን ነው። ፕሮታለስ ጅማት የለውም።

ያ ጅማት ተክሉ የሠራው የመጀመሪያው ቧንቧ ነው። ጽንሱ ገና ጥቂት ሴል ሳለ አራት ድርሻ ይከፋፈላል፦ እግር፣ ሥር፣ ቅጠልና የግንድ ጫፍ። እግሩ ፕሮታለሱ ውስጥ ተሰክቶ ይቀርና የመጀመሪያው ሥር አፈር እስኪይዝ ድረስ ምግብ ይጠባል። ከዚያ ሥሩንና ቅጠሉን የሚያገናኙ ትራኪድ የሚባሉ ረጃጅም ሴሎች ግድግዳቸውን ሊግኒን በሚባለው እንጨት አጠንካሪ ንጥረ ነገር አጠንክረው፣ እንደ መሰላል እርከን ቀዳዳ ትተው፣ ራሳቸው ሞተው ባዶ ቱቦ ይሆናሉ፤ ዙሪያቸውን ፍሎየም ያጅባቸዋል። የሕፃኑ ፈርን ግንድ መሀሉ ድፍን የዛይለም ምሰሶ ነው። ግንዱ እየወፈረ ሲሄድ በብዙ ዝርያዎች ምሰሶው ቱቦ ይሆናል፤ ቱቦው ደግሞ ቅጠል በወጣበት ሁሉ ክፍተት እያበጀ እንደ መረብ ይበሳሳል። ያደገ ፈርን ሲያካፍሉ ከመሬት በታች ያለውን ግንድ በስለት አግድም ቢቆርጡ የዚህን መረብ ቁርጥራጮች በክብ ተደርድረው ያዩዋቸዋል፣ እያንዳንዱ ጥቁር ወይም ቡናማ ጠርዝ ይዞ።

ከዚህ የሚከተል ተግባራዊ ነገር አለ። የዛሬ ፈርኖች፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ግንድ የሚያወፍር ካምቢየም የላቸውም። ስለዚህ የተጎዳ ቧንቧ በአዲስ እንጨት አይተካም፣ እንደ ዛፍ የአንዱን ቅርንጫፍ ከሌላው ግንድ ጋር ማጋባትም አይሠራም። ዛፍ ፈርን እንኳ ከታች የሚሰፋው ግንዱን በሚያለብሱት ሥሮች ነው፤ አንድ ጫፍ ብቻ ያለው ከሆነ ጫፉ ሲቆረጥ ይሞታል። ሕፃኑንም ሲያዛውሩ የግንዱን ጫፍ በጣት አይጫኑ።

ከፕሮታለሱም አይለያዩት። ሦስት አራት ቅጠል ሲያወጣ ፕሮታለሱ ራሱ ቡናማ ሆኖ ይረግፋል። ቁመቱ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ በእስቴኪኒ ከነአፈሩ አንሥተው በትንሽ ዕቃ ይትከሉት፤ ግንዱ የወጣበት ቦታ ከአፈር በላይ ይቅር። ሽፋኑን በአንድ ቀን አያንሡ። በመጀመሪያው ሳምንት በጣት ስፋት፣ በሁለተኛው በግማሽ፣ በሦስተኛው ሙሉ በሙሉ ይክፈቱት። በእርጥበት ውስጥ ያደገ ቅጠል ቆዳው ስስ ነው፤ በድንገት ከተገለጠ በሰዓታት ውስጥ ይጠወልጋል። ማዳበሪያ መስጠት የሚቻለውም ከዚህ በኋላ ነው፣ በእቃው ላይ ከተጻፈው መጠን ሩብ ብቻ።

አንድ ልዩ ሁኔታ አለ። ሲርቶሚየም ፋልካተምና ቴሪስ ክሬቲካን የመሳሰሉት ፈርኖች ያለ ጽንሰት ይራባሉ፤ ቅጠሉ በቀጥታ ከትራሱ ላይ ይነሣል፣ ከረጢታቸውም ብዙ ጊዜ 64 ሳይሆን 32 ስፖር ይይዛል። ዝርያዎ ከእነዚህ ከሆነ ማርከፍከፉ ጉዳት የለውም እንጂ ዋናው ጉዳይ ብርሃንና ትዕግሥት ነው። በየቤቱ የሚንጠለጠለው የቦስተን ፈርን ደግሞ ስፖሩ በአብዛኛው መካን ነው፣ የሚራባው በሚዘረጋው ክር ነው። ስፖሩን የወሰዱት ከእሱ ከነበረና ፕሮታለስ ከበቀለልዎት፣ በነፋስ የመጣ የሌላ ፈርን ስፖር ሊሆን ስለሚችል የሚወጣው ቅጠል ያስገርምዎት ይሆናል።

እንደገና ለመዝራት ካሰቡ፣ ብልሽት የሚጀምረው አሰባሰቡ ላይ ነው። ነጠብጣቡ ገና አረንጓዴ ከሆነ አልደረሰም፤ ቡናማ ሆኖ የተበጣጠሰና የሳሳ ከሆነ ባዶ ቀርቷል። መሀል ላይ ያለውን፣ ጠቆር ብሎ ያበጠውን ይምረጡ። ቅጠሉን ጀርባው ወደ ታች ሆኖ በነጭ ወረቀት መካከል አድርገው በደረቅ ክፍል 1 ወይም 2 ቀን ያቆዩት። ከረጢቱን የከበበው ወፍራም የሴል ቀለበት ውሃው ሲተንን እንደ ወንጭፍ ይለጠጥና በቅጽበት ሲመለስ ስፖሩን ይወረውረዋል። ወረቀቱን አዘንብለው ከጀርባው በጣት ቢመቱት ገለባው ይንከባለላል፣ ስፖሩ ተጣብቆ ይቀራል። ገለባውን ይጣሉት፤ ሳህን ላይ ከሚታየው ሻጋታ አብዛኛው የሚመጣው በእሱ ነው።

ሲዘሩ በዓይን ዱቄቱ አፈሩ ላይ መታየት ከጀመረ በዝቷል። በአፈር አይሸፍኑት፤ የአብዛኞቹ ዝርያዎች ስፖር ያለ ብርሃን አይበቅልም። ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ይበቃዋል፤ ፀሐይ በቀጥታ አያግኘው፤ መብራት ከሆነ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ በቀን ከ12 እስከ 16 ሰዓት። ብርሃን ካነሰ ልብ ሳይሆን የቀጠነ ክር ብቻ ያድጋል። ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦች ካዩ ሽፋኑ ክፍተት አለው ማለት ነው፤ ትሎቻቸው ፕሮታለሱን ከሥር ይበሉታል። የተረፈውን ስፖር በላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ጠቅልለው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያኑሩ፤ ቡናማው ለዓመታት ይቆያል፣ እንደ ኦስመንዳ ያሉ ፈርኖች አረንጓዴ ስፖር ግን በጥቂት ሳምንት ስለሚሞት ወዲያው መዘራት አለበት።

ለአሁኑ ሳህንዎ፦ ማርከፍከፍ ከጀመሩ 8 ሳምንት አልፎ ምንም ካልወጣ፣ ከተለያየ ቦታ አምስት ስድስት ፕሮታለስ ገልብጠው ይዩ። ጉልላቱ ብቻ ካለና አንገት ከሌለ ወንዴዎች ናቸውና ከላይ እንደተባለው ከነአፈሩ በቁራጭ በቁራጭ ያራርቋቸው። አንገቶቹ ካሉ ነገር ግን ቡናማ ሆነው ባዶ ከቀሩ፣ ተከፍተው ሳይጸነሱ አርጅተዋል፣ ወይም ጽንሱ በጅምሩ ሞቷል፤ ያን ጊዜ ከሌላ እናት ተክል የበቀለ የዚያው ዝርያ ፕሮታለስ ቁራጭ አምጥተው አጠገባቸው ይትከሉና ከአንድ ወር በኋላ ማርከፍከፉን ይድገሙት።